ሰላምታ የሚሰጠው ሣጥን

የቲራ አውሮፕላን ክንፍ ከቤቱ በር ይረዝም ነበር። ክረምቱን ሙሉ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ስለከረመ፣ እናቷ ቦዲል እራት የምታቀርበው በተረፈችው ጥግ ላይ ነበር። ቦዲል፣ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጇ ቲራና የቦዲል አባት ሽማግሌው ቪጎ ክርን ለክርን እየተነካኩ ይበላሉ። መረቁ ክንፉ ላይ ጠብ እንዳይል ቦዲል ሳህኑን በሁለት እጇ ይዛ፣ ትንፋሿን ውጣ ታሳልፋለች።

«የምትኖሩት ቤት ውስጥ ነው ወይስ አውሮፕላን ማረፊያ?» ይሏቸዋል ጎረቤቶች።

«ማረፊያውስ ሞልቶናል፤ የቸገረን መነሻው ነው» ይላሉ ቪጎ።

ቤታቸው በዴንማርክ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ የጀርመን ድንበር አጠገብ፣ ከባሕሩ ዝቅ ብሎ በተዘረጋው ሜዳ ላይ ነው። በጎች የሚግጡበት ረጅም የአፈር ግድብ ባሕሩን ያግደዋል። ቪጎ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የዚያ ግድብ የውኃ በር ጠባቂ ነበሩ። ባሕሩ ሲሸሽ በሩ ይከፈትና የሜዳው ውኃ ይወጣል፤ ባሕሩ ሲመለስ በሩ ይዘጋል። «ውኃን በጉልበት ያሸነፈ የለም፤ መሄጃ ትሰጠዋለህ እንጂ» የሚለው ቃል ከአፋቸው አይጠፋም ነበር። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

አውሮፕላኑ ሰው የሚሳፈርበት አይደለም። ሜዳ ላይ ቆሞ በእጅ በሚያዝ ሬዲዮ የሚነዳ ነው። አፍንጫው ላይ ያለችው ትንሽ ሞተር ወደ ላይ ካወጣችው በኋላ ትጠፋለች፤ ከዚያ እንደ ሽመላ ነፋስ ላይ ተኝቶ ይዞራል። በሚያዝያ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሣ ቦዲል ሜዳው ላይ ነበረች። ያ ስንት እራት ያስጠበባት እንጨትና ጨርቅ ከቲራ እጅ ወጥቶ ደመና ሥር ደረሰ። ሞተሩም ጠፋ። ምንም ድምፅ አልነበረም። ቦዲል አፏን በመዳፏ ሸፈነች።

«ምን አወጣው?» አለች ሲመለስ።

ቲራ የአውሮፕላኑን ሆድ ከፍታ ባትሪውን አሳየቻት። መጠኑ የዳቦ ቁራሽ ያህል ነው።

«ይህቺ?»

«ይህቺ።»

ቦዲል ባትሪውን እንደ ጫጩት በመዳፏ ይዛ ቆየች። ይህን የምታህል ነገር ያን ያህል ጉልበት ደብቃ እንዴት እንዲህ ዝም ትላለች? ተገረመች፤ ፈራችም። መፍራትማ ልማዷ ነው። ከቤት ስትወጣ ምድጃው መጥፋቱን ሁለት ጊዜ ስለምታይ «እማዬ ምድጃውን ሳትሰናበት አትወጣም» ይሏታል።

ችግሩ የመጣው ባትሪውን በሚሞላው ቻርጀር ነው። ይህ ዓይነቱ ቻርጀር ግድግዳ ላይ በቀጥታ አይሰካም። በመካከል የግድግዳውን ብርቱ ኮረንቲ አለዝቦ የሚመግበው ሌላ ሣጥን ይፈልጋል፤ ፓወር ሰፕላይ የሚሉት። ቲራ የነበራት ካረጀ ኮምፒውተር የተረፈ ትንሽ ሣጥን ነው። ለትልቁ ባትሪ አልቻለም። ቻርጀሩ ጥቂት ይሠራና ጢጥ ጢጥ ብሎ ይቆማል።

«ራበኝ እያለ ነው» አለች ቲራ። «ቻርጀሩ ጎበዝ በላተኛ ነው፤ የሚመግበው ግን በሻይ ማንኪያ ነው የሚያጎርሰው። በሰኔው በዓል ቀን ሜዳ ላይ እንዲህ ቢያደርገኝ ጉድ ፈላ።»

በሰኔው በዓል ከድንበሩ ወዲህና ወዲያ ያሉ የሞዴል አውሮፕላን ሰዎች ሁሉ ይሰበሰባሉ። ቲራ በሰው ፊት ስታበር የመጀመሪያዋ ነው።

«ተይው ለእኔ» አሉ ቪጎ።

በዚያ አገር ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ ድንበር ተሻግሮ ቢራና ከረሜላ ጭኖ ይመለሳል። ቪጎ በዚያው ቅዳሜ ከቢራው ካርቶን በላይ አንድ ከባድ የብረት ሣጥን ይዘው መጡ። ማዶ ያለ የመብራት ማስታወቂያ ሠሪ ሱቁን ሲዘጋ ከወረወረው ዕቃ ያነሱት ነው። ጉልበቱ ቻርጀሩ ከሚፈልገው በላይ ነው፤ ቮልቱም ልክ ነው። ቲራ ጽሑፉን አይታ አያቷን አቀፈቻቸው።

አሁን ስለ ሶኬት ትንሽ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። የዴንማርክ ሶኬት ፊት አለው። ሁለት ክብ ዓይኖችና ከሥራቸው ፈገግ ያለ አፍ። ኮረንቲው የሚመጣው በዓይኖቹ ነው። አፉ የመሬት ሽቦ መግቢያ ነው፤ ኮረንቲ ከመስመሩ አምልጦ የዕቃው ብረት ላይ ሲወጣ ወደ መሬት የሚሸኝበት መንገድ። የጀርመኑ ስፒና ደግሞ የመሬት ሽቦውን የሚያገናኘው በጎንና በጎኑ ስለሆነ ለዚያ አፍ የሚሆን እግር የለውም። ነገር ግን ሁለቱ እግሮቹ ዓይኖቹ ውስጥ ያለ ምንም ችግር ይገባሉ። ዕቃው ይሠራል፤ መብራቱ ይበራል። አፉ ባዶውን እንደሳቀ ይቀራል።

ሣጥኑ ሠራ። ቻርጀሩ መጮኹን አቆመ። በማግሥቱ ቦዲል ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ስትወለውል ሣጥኑን ነካችው፤ ጉንዳን በጣቶቿ ላይ የሄደ መሰላት። እጇን ሰበሰበች። እንደገና ነካችው። አለ፤ ጉንዳኑ አለ።

«አባዬ! ይሄ ነገር ይነዝራል!»

ቪጎ ከጋዜጣቸው ቀና ብለው ሳቁ። «ሰላም እያለሽ ነው።»

«ማን ነው ሰላም የሚለኝ?»

«ሣጥኑ ነዋ! እማ፣ የአውሮፕላን ክበባችን ውስጥ ያሉት ሣጥኖች ሁሉ ሰላምታ ይሰጣሉ» አለች ቲራ። «የሰብሳቢያችን የፍሮደ ሣጥንማ እጅ ይስማል።»

አያትና የልጅ ልጅ ተያይተው ተንከተከቱ። ቦዲል አልሳቀችም። ከሣጥኑ ጋር የመጣውን ወረቀት ፈለገችው፤ የአባቷ የሙጫ ቆርቆሮ ሥር ተነጥፎ አገኘችው። ሙጫውን በጥፍሯ እየፋቀች አነበበች።

«'የመሬት ሽቦ ሳይገናኝ አይጠቀሙ' ይላል። ይኼኛው ደግሞ አልተገናኘም። ስፒናው አፉ ውስጥ የሚገባ ነገር የለውም።»

«የኔ ልጅ፣ ይህ ወረቀት በዘጠኝ ቋንቋ የሚፈራ ወረቀት ነው» አሉ ቪጎ። «ቢላዋም ብትገዢ 'ስለት አለው' የሚል ወረቀት ይመጣልሻል። ገባ፤ ሠራ። ከዚህ በላይ ምን እንዲያደርግልሽ ትፈልጊያለሽ?»

«እንዳይነዝረኝ።»

«እሺ፣ አትንኪው።»

በሳምንቱ ሜዳ ላይ የክበቡን ሰብሳቢ ፍሮደን ጠየቀቻቸው። ፍሮደ ፂማቸውን እያሻሹ አዘኑላት። «ቦዲል፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን በዚህ ነው የኖርነው። በሰላምታ ሞቶ ያየሽው ሰው አለ?»

ሞቶ መጥቶ የሚነግረኝማ የለም፣ አለች በልቧ። በአፏ ግን አላወጣችውም። ዙሪያውን የቆሙት ወንዶች ፈገግ ብለው ያዩዋታል፤ ቲራ ደግሞ በኀፍረት መሬት መሬት ታያለች። ልጄን በጓደኞቿ ፊት አላሳፍራትም ብላ ዝም አለች። ወገኖቼ፣ ስንቱ ቤት የተቃጠለው አንድ ሰው ዝም ካለ በኋላ ይሆን? ከዚያ ወዲያ ቦዲል ያደረገችው ነገር ቢኖር ማየት ብቻ ነው። ሣጥኑ በተሰካ ቁጥር ዓይኗ ገመዱን ተከትሎ ሄዶ ስፒናው ላይ ያርፋል።

የሰኔው በዓል ደረሰ። ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ጠዋት አባርቶ ሜዳው ይጨሳል። ክበቡ ሜዳው ዳር የቆርቆሮ መጠለያ አለው፤ መብራቱ የተሳበው ከአሮጌ የበግ በረት ነው። በየቤቱ ያለው፣ ኮረንቲ ሰው ሲይዝ ወዲያው መስመሩን የሚቆርጠው መከላከያ እዚያ አልነበረም። ከመጠለያው በር አጠገብ የበጎች ውኃ መሳቢያ፣ ቱቦው መሬት ውስጥ የጠለቀ የብረት ፓምፕ ቆሟል።

ቲራ ባትሪውን እየሞላች ነው። ቦዲል ዳቦና አይብ እያወጣች ነው። ፍሮደ ከማዶ የመጡትን እንግዶች ይቀበላሉ።

«አያቴ፣ ሣጥኑን ከፀሐይ አሽሽልኝ» አለች ቲራ።

«ይኸው እመቤቴ» አሉ ቪጎ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ጎንበስ ሲሉ በቀኝ እጃቸው የፓምፑን ብረት ተደገፉ፤ በግራ እጃቸው ሣጥኑን ያዙ።

አልጮኹም። ቦዲልን ከሁሉ ያስደነገጣት እሱ ነው፤ አለመጮኻቸው። ጎንበስ እንዳሉ ቀሩ። ጥርሳቸው ገጥሟል፤ አንገታቸው ላይ ያለው ሥር ገመድ ሆኗል። እጃቸው ሣጥኑን ጨብጧል፤ መልቀቅ ግን አልቻለም። ያ ትንሽ ጉንዳን አሁን የማይታይ ግዙፍ ሆኖ ሽማግሌውን ከሁለት ወገን ይዟቸዋል። ነፋስ የለም፣ ብልጭታ የለም፣ ድምፅ የለም። ቻርጀሩ ብቻ እንደ ደህና ቀን አረንጓዴ መብራቱን ያብለጨልጫል።

«አያቴ!» ቲራ ተወርውራ ልትይዛቸው እጆቿን ዘረጋች።

ቦዲል ጃኬቷን ከኋላ ጨምድዳ ያዘቻት።

«ልቀቂኝ! እማ፣ እየሞተ ነው! ልቀቂኝ!»

አለቀቀቻትም። እናት ልጇን ከገዛ አባቷ ነፍስ ላይ ከልክላ ያዘች። አንዲት ቅጽበት ነበረች፤ ለቦዲል ግን ከዚያች ቅጽበት የረዘመ ዘመን የለም። በግራ እጇ ልጇን እየጎተተች በቀኝ እጇ ገመዱን ያዘች። የት እንደሚሄድ ማየት አላስፈለጋትም፤ ዓይኗ ሳምንታት ሙሉ የተመላለሰበት መንገድ ነው። ባለ በሌለ ኃይሏ ሳበችው። ስፒናው ከግድግዳው ተነቅሎ ጭቃው ላይ ወደቀ።

ቪጎ እንደ ባዶ ጆንያ ተዘረሩ።

ፍሮደ ስልካቸውን ሲፈልጉ ከማዶ የመጣ እንግዳ ቀድሞ አምቡላንስ ጠራ። ቲራ ጆሮዋን የአያቷ አፍ ላይ አድርጋ «ይተነፍሳል፣ እማ፣ ይተነፍሳል» ትላለች። በዚያ ቀን አንድም አውሮፕላን አልተነሣም። ሰው ሁሉ ባርኔጣውን አውልቆ በእርጥቡ ሣር ላይ ቆሞ ነበር።

ሆስፒታል ቪጎ ደረታቸው ላይ ሽቦ ተለጣጥፎ ተኙ። ልባቸው ተርፏል። የግራ እጃቸው ሁለት ጣቶች ግን ተቃጥለው ደንዝዘዋል፤ ሐኪሟም ስሜቱ ላይመለስ ይችላል አለች።

ቦዲል አጠገባቸው ተቀምጣለች። ቪጎ ዓይናቸውን ከጣሪያው ወደ እሷ መለሱ።

«ቦዲል።»

«ወይ አባዬ።»

«ማዕበል አይቻለሁ። ግድቡን ሊንድ የመጣ ባሕር ፊት ለፊት ቆሜ አይቻለሁ። እንደዚህ ያለ ነገር ግን አላየሁም። ያ ሁሉ ጉልበት… ከድስታችን አጠገብ፣ ግድግዳችን ውስጥ፣ ዝም ብሎ ተቀምጦ ነበር። ሻይ ያፈላልን ነበር።» የተቃጠሉ ጣቶቻቸውን አዩ። «ለባሕር መውጫ ስከፍትለት የኖርሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ግን ነፈግሁት። መሄጃ ሲያጣ በእኔ በኩል ሄደ።»

«አሁን ዕረፍ።»

«አይ፣ ስሚኝ። አንቺን ነበረ መስማት የነበረብኝ። ቲራ ብትነካው ኖሮስ?»

ቦዲል ደህናውን እጃቸውን አንስታ ጉንጯ ላይ አደረገችው።

ከሰዓት በኋላ ፍሮደ መጡ። ቦዲልን ቀና ብለው ማየት አልሆነላቸውም። ሣጥኑን ከፍተው አይተውታል። ከቤት ሜዳ፣ ከሜዳ ቤት ሲመላለስ አንዱ ሽቦ ከብረቱ ጠርዝ ጋር ተፋግቶ ልጣጩ አልቋል፤ የግድግዳው ኮረንቲ በሙሉ የሣጥኑ ብረት ላይ ወጥቷል።

«የመሬት ሽቦው ቢገናኝ ኖሮ ፊውዙ ያኔውኑ ይወድቅ ነበር» አሉ። «'ምነው ሣጥኑ አልሠራ አለ' ብለን ተነጫንጨን ዝም እንል ነበር። ያ ሰላምታ… ሰላምታ አልነበረም፣ ቪጎ። መሄጃ አጣሁ እያለ በር ሲያንኳኳ ነበር። እኛ ቀለድንበት።»

«አንተማ እጅህን ሲስምህ ነው የኖርከው» አሉ ቪጎ ከትራሳቸው።

ፍሮደ ሊስቁ ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው። «ቦዲል፣ ያን ቀን በሰው ፊት ያልሁሽን…»

«ሌሎቹም ሣጥኖች ዛሬውኑ ይነቀሉ» አለች ቦዲል። «ይቅርታው ይደርሳል።»

ተነቀሉም። ፍሮደ የክበቡን ሰው ቤት ለቤት እየዞሩ «ስፒናህን አሳየኝ» አሉ። አንዳንዱ ተቆጣ፤ «ሲሠራ የኖረ ነገር ምን ሆነ?» አለ። ፍሮደም «ሲሠራ መኖሩና ደህና መሆኑ አንድ ነው እንዴ? ሄደህ የቪጎን ጣት እይ» አሉት። መጠለያው ውስጥ መብራት ሠራተኛ መጥቶ መስመሩን የሚቆርጥ መከላከያ ገጠመ።

ለቲራ አዲስ ፓወር ሰፕላይ የተመረጠው በዚያው በወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ነው። ድሮ ቲራ የምትጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ጉልበቱ ስንት ነው?» አሁን እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች።

«ቻርጀሩ ከሚበላው ትንሽ የሚተርፈው ይሁን፤ ጉልበቱን እስከ መጨረሻ የሚያወጣ ሣጥን ይግላል» አለች ቲራ። «ቮልቱ ይኸው፣ ልክ ነው።»

«ሽቦው የሚታሰርበት ቦታ ክዳን አለው? ጣት ይገባል?»

«ክዳን አለው።»

«ስፒናውስ?»

ቲራ ስልኳ ላይ ያለውን ሥዕል አሰፋችላት። ሁለት እግሮች፤ ከሥራቸውም ሦስተኛው፣ የፈገግታው ቅርጽ ያለው። ቦዲል በጣቷ ነካችው። ስታየው ዓይኗ እንባ አቀረረ።

በነሐሴ፣ ነፋሱ ከባሕር በሚመጣበት አንድ ከሰዓት፣ ሦስቱም ሜዳው ላይ ነበሩ። አዲሱ ሣጥን ተሰክቶ ቻርጀሩ ይሠራል። ቪጎ ቀርበው ቆሙ። ሽማግሌው የደህናውን እጃቸውን ጀርባ ቀስ ብለው ወደ ሣጥኑ ብረት አስጠጉ፤ ነኩትም።

«እሺ?» አለች ቲራ። «ሰላም አለህ?»

«ዝም አለኝ» አሉ ቪጎ። «በሕይወቴ እንዲህ ያስደሰተኝ ኩርፊያ የለም።»

ባትሪው ሞላ። ቲራ የአውሮፕላኑን ሆድ ዘግታ ሬዲዮውን ለአያቷ ዘረጋችላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ሬዲዮው ላይ ያለችውን ቀጭን መሪ የሚሰማት የጣት ጫፍ ነው፤ የእሳቸው ሁለት ጣቶች ምንም አይሰሙም።

«አንቺ ንጂው። እኔ ዓይኔ ይበቃኛል።»

ወገኖቼ፣ በየቤታችን እንዲህ ሰላም የሚል ዕቃ አለ። ሲነኩት የሚነዝር ምጣድ፣ የሚነዝር የውኃ ማሞቂያ፣ እግሩ የተቆረጠ ስፒና። ልጆቻችን ይስቁበታል፤ እኛም ለምደነዋል። ኮረንቲ ግን አይቀልድም። ዕቃ ስትመርጡ ጉልበቱን ብቻ አትጠይቁ፤ ቢያመልጥ መሄጃው በየት እንደሆነ ጠይቁ። የፈራ ሰው ስታዩም ከመሳቃችሁ በፊት የፈራውን ነገር ሄዳችሁ እዩለት።

አውሮፕላኑ ከቲራ እጅ ወጣ። ሞተሩ ሲያንጎራጉር ተሰማ፤ ከዚያ ግድቡን አልፎ፣ በጎቹን አልፎ፣ ከፍታው ላይ ሲደርስ ሞተሩ ጠፋ። ሰፊው ክንፍ ነፋሱ ላይ ተኛ። ቪጎ ቀና ብለው አዩ፤ የደነዘዘው እጃቸው በቦዲል እጅ ውስጥ ነበር። ቦዲል ጠበቅ አድርጋ ያዘችው። ሁለቱ ጣቶች ባይሰሟትም መያዙን አልተወችም።